የካሮት ዘይት፣ እርድ፣ ሳልሳ፦ የዕፅዋት ቀለም ቆዳን ከፀሐይ ይጠብቃል ወይ?

የጓሮ ካሮት

ሰላም ለሁላችሁ። ማዲያት ለሚወጣበት ጠይም ፊት ከዕፅዋት ቀለም የሚዘጋጅ መከላከያ እየሞከርኩ ነው። ቦታው አዲስ አበባ ነው። ሦስት ነገር አልሰምር ስላለኝ በዝርዝር የሚያውቅ ሰው ቢያርመኝ።

አንደኛው የካሮት ዘይት ነው። ግማሽ ኪሎ ካሮት ፈቅፍቄ በአንድ ሊትር የኑግ ዘይት ውስጥ ለስለስ ባለ እሳት ለአንድ ሰዓት አቆይቼ አጠለልኩት። መጀመሪያ ደማቅ ብርቱካናማ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ደፈረሰ፣ ሽታውም ተለወጠ። መስኮት አጠገብ የተቀመጠው ጠርሙስ ደግሞ ቀለሙ ገረጣ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? «የካሮት ዘይት ኤስፒኤፍ 38 አለው» የሚባለውስ (ኤስፒኤፍ ከፀሐይ ቃጠሎ የመከላከል አቅም መለኪያ ነው) እውነት ነው?

ሁለተኛው የእርድ ጭምብል ነው፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ እርድ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ለ30 ደቂቃ። ያቃጥላል፤ ቢጫው ደግሞ በሳሙና ሲታጠብ ጭራሽ ወደ ቀይ ይሄዳል። እርዱ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት ይሆን?

ሦስተኛ፣ ቲማቲም መብላት ቆዳን ከፀሐይ ይጠብቃል ይባላል። ስንት፣ እንዴት ተሠርቶ፣ ለስንት ጊዜ? ወይስ የካሮቲን ክኒን መግዛት ይሻላል?

ቀማሚት

እኔ ካሮቱን ልያዘው።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ፤ «የካሮት ዘይት» በሚባል ስም የሚሸጡት ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። አንዱ ከካሮት ዘር በእንፋሎት የሚወጣው ሽታው የአፈር ዓይነት የሆነ ኢሴንሻል ኦይል ነው። ካሮቲን በእንፋሎት ተነሥቶ አይወጣምና በዚህኛው ውስጥ ብርቱካናማው ቀለም የለም። ሌላው አንቺ የሠራሽው፣ ሥሩ በዘይት ተነክሮ ቀለሙን የሚለቅበት ነው። ያ የኤስፒኤፍ ቁጥር አንዴ ለአንዱ፣ አንዴ ለሌላው እየተለጠፈ ይዞራል። ለሁለቱም አይሠራም።

ምክንያቱ ቀለሙ ራሱ ላይ አለ። ቤታ ካሮቲን ብርቱካናማ ሆኖ የሚታየን ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው፤ አብልጦ የሚውጠው 450 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ከፀሐይ አልትራቫዮሌት (ዩቪ) ጨረር ውስጥ ቆዳን የሚያቃጥለው ዩቪቢ ከ280 እስከ 315፣ በደመናና በመስኮት መስተዋት የሚያልፈው ዩቪኤ ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር ድረስ ነው። እነዚህን ካሮቲኑ ይህ ነው በሚባል መጠን አይውጣቸውም። በዚያ ላይ ስስ ሆኖ ቆዳ ላይ የተቀባ ካሮቲን ፀሐይ ሲያገኘው ራሱ ይፈርሳል። የመስኮቱ ጠርሙስሽ የገረጣው በዚሁ ነው፤ ሌላ ፈተና አያስፈልገውም።

አሁን ብልሽቱ። ሁለት ነገር ተደራርቦብሻል። ካሮት ወደ 88 በመቶው ውሃ ነው። ግማሽ ኪሎ እርጥብ ካሮት ዘይት ውስጥ ስትከቺ ከ400 ግራም በላይ ውሃ ጨምረሻል ማለት ነው። ለስለስ ያለ እሳት ላይ አንድ ሰዓት ያን ሁሉ አያተንም። የቀረው ውሃ ከዘይቱ ሥር ተኝቶ ከካሮቱ ስኳር ጋር ለተሕዋስያን ምግብ ይሆናል፤ ድፍርሱ እሱ ነው። ሁለተኛው ኑጉ ነው። የኑግ ዘይት አብዛኛው፣ ሦስት አራተኛው ገደማ፣ ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ አየርና ብርሃን ሲያገኘው ከሌሎቹ ቀድሞ ይበላሻል። ለወጥ ድንቅ ነው፤ ወራት ለሚቀመጥ ቅባት ግን አልመርጠውም። የሰሊጥ ዘይት የራሱ ተፈጥሯዊ መከላከያ ስላለው ይቆያል፤ የወይራም እንዲሁ።

እንዲህ አድርጊው። ካሮቱን እጠቢ፣ ፈቅፍቂ፣ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ላይ ሳስቶ ይዘርጋ፤ ጥላ ውስጥ እንጂ ፀሐይ ላይ አይሁን። በበጋ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። በክረምት በምድጃ፣ በ50 ዲግሪ፣ በሩ በትንሹ ተከፍቶ ከ6 እስከ 8 ሰዓት። መድረቁን በእጅ ነው የምታውቂው፦ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተለመጠ ውሃ አለበት፣ ተመልሶ ይሰጣ። ከግማሽ ኪሎው 60 ግራም ያህል ደረቅ ይወጣል።

30 ግራም ደረቅ ካሮት ለ200 ግራም የሰሊጥ ዘይት። ፍጹም ደረቅ በሆነ የመስተዋት ዕቃ አድርገሽ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጪው፤ ዘይቱ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሰዓት ይቆይ። ቴርሞሜትር ይኑርሽ። ቡናማ ከሆነና የተጠበሰ ነገር ከሸተተ አልፎበታል፤ ካሮቲኑም ተጎድቷል። በላዩ ላይ ክዳን አታድርጊ፣ ጤዛው ተመልሶ ይንጠባጠባል። ሲበርድ በቡና ማጥለያ ወረቀት ይጥለል። ጨርቁን መጭመቅ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው፤ ሲጨመቅ ዝቃጩና የቀረው እርጥበት አብሮ ይወርዳል። ራሱ ይንጠብ። ከዚያ አሳድሪውና ከላይ ያለውን ብቻ ቅጂ፤ የመጨረሻውን ጣት የሚያክል ዝቃጭ ተዪው። 2 ግራም ቫይታሚን ኢ ጨምሪበት፣ ማለትም አንድ በመቶ። ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ እስከ አንገቱ ሞልተሽ ቀዝቀዝ ያለ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። በሦስት ወር ውስጥ ተጠቀሚበት።

እንዲሁ ከተቀባ ትራስና ነጠላ ያበላሻል። አንድ እጅ የካሮት ዘይት በዘጠኝ እጅ ተራ ዘይት አቅጥነሽ፣ ከታጠብሽ በኋላ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ለእጅና ለቅልጥም ተጠቀሚበት። ሥራው ድርቀትን መያዝ ነው። ብጉር የሚወጣበት ፊት ላይ ባይቀባ ይመረጣል።

ፋርማሲ ማዶ

ቀማሚት ያለችው ልክ ነው። እኔ እርዱንና ማዲያቱን ልመልስ፤ ሎሚው ስላሳሰበኝ ከእሱ እጀምራለሁ።

ሎሚውን ዛሬውኑ ከጭምብሉ አውጪው። የእኛ አገር ትንሿ ሎሚ በተለይ በልጣጯ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ነገሮች አሏት። ቆዳ ላይ ተቀብተው ዩቪኤ ሲነካቸው ቃጠሎ ያመጣሉ። ወዲያው አይታይም፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ይቀላል፣ አንዳንዴም ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። በእጅ ሲጨመቅ የልጣጩ ዘይት ወደ ጭማቂው ይገባል። አሲድነቱ ብቻውንም የፊት ቆዳን ይልጣል። ጠይም ቆዳ ደግሞ ሲቆጣ የሚመልሰው በማጥቆር ነው። ማዲያት ለማጥፋት የተቀባ ሎሚ ማዲያት ሲጨምር የሚታየው በዚህ መንገድ ነው።

ቀይ መሆኑ ባዕድ ነገር ስላለበት አይደለም። የእርድ ቢጫ ኩርኩሚን ይባላል፤ በዱቄቱ ውስጥ ከ2 እስከ 5 በመቶ ያህል ነው። ኩርኩሚን አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ የገላ ሳሙና ደግሞ አልካሊ ነው። ኩርኩሚን በዘይት እንጂ በውሃ አይሟሟም። ስለዚህ ቢጫው ሲቀር መጀመሪያ ጥቂት ዘይት ቀብተሽ በጥጥ ጥረጊ፣ ከዚያ ታጠቢ። የተበከለ ፎጣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይለቃል፤ ብርሃን ኩርኩሚንንም ያፈርሰዋልና።

የባዕድ ነገር ስጋትሽ ግን በሌላ በኩል ልክ ነው። በባንግላዴሽ የእርድ ሥር እንዲያበራ ሊድ ክሮሜት በሚባል ቢጫ ቀለም ሲለወስ ተገኝቷል፤ ይህ እርሳስ ያለበት መርዝ ነው። ቤት ውስጥ በውሃ ብርጭቆ የሚደረገው ፈተና ይህን ለይቶ አያሳይም። ዱቄት ከመግዛት ሥሩን ገዝቶ ማስፈጨት ይሻላል፤ ከውጭ ከልክ በላይ የሚያበራ፣ ሲሰበር ግን ውስጡ የደበዘዘ ከሆነ ይቅር። ጭምብሉ ከእጅ ወደ አፍ ስለሚሄድ ሕፃን ባለበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጭምብሉን መቀጠል ከፈለግሽ፦ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ተራ እርጎ፣ 10 ደቂቃ፣ በሳምንት አንዴ። ከማንኪያ ወደ ሩብ ማንኪያ የወረድኩት ቢጫው ስለሚቀር ብቻ ሳይሆን እርድ ራሱ የቆዳ አለርጂ የሚያስነሣበት ሰው ስላለ ነው። መጀመሪያ የክንድሽን ውስጠኛ ገጽ የሳንቲም ያህል ቀቢና 48 ሰዓት ጠብቂ። ሶዳ አይጨመር። ለማዲያት ግን መድኃኒት ነው ብዬ አልነግርሽም፤ የሚያለሰልሰው እርጎው ነው።

ለማዲያት ዋናው ነገር ብርሃን ነው፤ ብርሃን ስል አልትራቫዮሌቱን ብቻ አይደለም። በዓይን የሚታየው ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊው፣ ጠይም ቆዳ ላይ ማዲያትን ያባብሳል። ግልጽ የሆነ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ይህን አያቆምም። የሚያቆመው አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ ቆዳ ቀለም የሆነው ሰንስክሪን ነው። እዚህ ላይ በእርግጥም ቀለም ይጠብቃል፤ ግን የማዕድን ቀለም ነው። ዕቃው ላይ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ዩቪኤንም እንደሚከላከል የተጻፈበት፣ ከንጥረ ነገሮቹ መካከል አይረን ኦክሳይድ ያለበትን ፈልጊ።

መጠኑ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት፣ በአመልካችና በመሐል ጣት ርዝመት የተዘረጋ ነው። አብዛኛው ሰው የዚህን ግማሽ ይቀባና «አልሠራም» ይላል። ደጅ ከተዋለ በየሁለት ሰዓቱ ይደገም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ዩቪ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ደግሞ ቃጠሎው አይታወቅም። ሰፊ ኮፍያና ጃንጥላ ከማንኛውም ዘይት ይበልጣሉ።

ድስትና ማማሰያ

ሳልሳው፣ ማለትም የቲማቲም ድልሁ፣ የእኔ ነው፤ ይሄኛው ከሦስቱ በእውነት መሠረት ያለው ነው።

የቲማቲም ቀይ ላይኮፒን ነው። በ2001 የታተመ የጀርመን ጥናት ሰዎችን በቀን 40 ግራም የቲማቲም ድልህ ከ10 ግራም የወይራ ዘይት ጋር ለ10 ሳምንት አበላ፤ 16 ሚሊግራም ያህል ላይኮፒን ማለት ነው። ቆዳቸው በመብራት ሲፈተን በ10ኛው ሳምንት መቅላቱ ድልህ ካልበሉት በ40 በመቶ ያነሰ ሆነ። በ4ኛው ሳምንት ልዩነት አልነበረም። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ የተለካውም መቅላት እንጂ ማዲያት አይደለም። ስለዚህ ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው፦ ቀለሙ በደም አድርጎ ቆዳ ይደርሳል፣ ለመድረስ ደግሞ ወራት ይፈልጋል። ፋሲካ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የተጀመረ ሳልሳ ለፋሲካ አይደርስም።

ጥሬ ቲማቲም በ100 ግራም 3 ሚሊግራም አካባቢ ላይኮፒን ሲኖረው ድልሁ ወደ አሥር እጥፍ አለው። ከብዛቱም በላይ መቀቀሉና መፈጨቱ የሕዋሱን ግድግዳ ሰብሮ ላይኮፒኑን ያስለቅቃል፤ ሙቀት ቅርጹንም አጥፎ አንጀት በቀላሉ እንዲወስደው ያደርገዋል። ስብ ከሌለ ግን አይገባም። የቲማቲም ሰላጣ ያለ ዘይት ከበላሽ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል።

የእኛ የወጥ አሠራር ይህን ሁሉ ሳያስበው ያሟላል። ሽንኩርቱ ቁሌት ሲሆን ዘይቱ ይገባል፣ ሳልሳው ተጨምሮ ዘይቱ ቀይ ሆኖ እስኪለይ ይቁላላል። ያ ቀይ ዘይት ላይኮፒኑ ነው፤ ስለዚህ ላይ ላዩን ቀድቶ መድፋት የተፈለገውን ነገር መድፋት ነው። ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ ሳልሳና ሁለት የሻይ ማንኪያ ዘይት። ሽሮም ቢሆን ምስር ይይዘዋል፤ ለጾምም አያስቸግርም። የቆርቆሮውን ጽሑፍ አንብቢ፤ ጨው ያልተጨመረበትን ምረጪ፣ ደም ግፊት ላለበት ሰው በቀን 40 ግራም ጨዋማ ድልህ ብዙ ነው። ጨጓራ የሚያቃጥለው ሰው ደግሞ በግማሹ ይጀምር።

ሌሎቹን በአጭሩ። ካሮትን ከመቀባት መብላቱ ይሻላል፤ በ100 ግራም 8 ሚሊግራም ገደማ ቤታ ካሮቲን አለው፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንችም እንዲሁ። ጎመን ውስጥ ያለው ሉቴይን የሚባል ቢጫ ቀለም በውሃ ስለማይሟሟ የቀቀልሽበትን ውሃ ብትደፊም አብዛኛው ይቀራል፤ ዘይት ግን ይፈልጋል። የቀይ ሥር ቀለም ለዓይን ያምራል፣ ወደ ደም የሚገባው ግን ጥቂት ነው። የበርበሬ ቀይም የዚሁ የካሮቲን ዘመድ ነው፤ ፀሐይ ላይ ብዙ የቆየ ዛላ ሲነጣ ይህንኑ ነው የሚያጣው።

ክኒኑን በተመለከተ፣ የሚያጨስ ሰው ወይም አጭሶ የተወ ሰው የቤታ ካሮቲን ክኒን አይውሰድ። በ1994 ውጤቱ የታተመው የፊንላንድ ጥናት 29,000 ያህል አጫሽ ወንዶችን ይዞ በቀን 20 ሚሊግራም የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ አገኘ። በአሜሪካ የተደረገው ሌላው፣ 30 ሚሊግራም ከቫይታሚን ኤ ጋር የሰጠው፣ በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ ጉዳት መታየቱ ነው። በምግብ የሚገኘው ካሮቲን ይህን አላመጣም።

ካሮት በብዛት ከበላሽ መዳፍሽና የእግርሽ ጫማ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ጉዳት የለውም፣ ስትቀንሺ ይመለሳል። የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነ ግን ካሮት አይደለም፤ የጉበት ችግር ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት።

የጓሮ ካሮት

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኑጉንም ሎሚውንም ተውኩ። አንድ የቀረኝ፦ አዲሱን የካሮት ዘይት ጥቂት ጠብታ ሰንስክሪኑ ውስጥ ቀላቅዬ ብቀባስ?

ቀማሚት

አይሆንም። ሰንስክሪን ቆዳ ላይ ሲደርቅ ወጥ የሆነ ስስ ሽፋን እንዲሠራ ተቀምሮ የተዘጋጀ ነው። በመዳፍ ላይ ዘይት ሲጨመርበት ሽፋኑ ይሳሳል፣ ዚንክና ቲታኒየም ያለበት ከሆነ ደግሞ ዱቄቱ ይጓጉልና ቦታ ቦታ ባዶ ይተዋል። በዓይን አይታይሽም፤ ፀሐይ ግን በዚያ ቀዳዳ ይገባል። ዘይቱን ማታ፣ ሰንስክሪኑን ጠዋት። ጠዋት ማለስለሻ ከፈለግሽ መጀመሪያ እሱን ቀብተሽ እስኪገባ 10 ደቂቃ ጠብቂ፣ ሰንስክሪኑ ከላይ ይሁን።

ሻርጃ ነኝ

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። እዚህ ሻርጃ የውበት ሳሎን ውስጥ «ጥቁር ሂና» በግማሽ ሰዓት ይሠራሉ። እንደ እንሶስላችን የተክል ቀለም ስለሆነ ችግር የለውም ይላሉ። እውነት ነው?

ፋርማሲ ማዶ

እህቴ፣ እንዳትሠሪው። የሂና ቅጠል ቀለም ላውሶን ይባላል፤ የሚሰጠው ብርቱካናማ ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወደ ቀይ ቡናማ ይጠቁራል። ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። ጥቁር ሂና የሚባል ተክል የለም። በግማሽ ሰዓት ጥቁር የሚያደርገው ፒፒዲ የሚባለው የፀጉር ቀለም ኬሚካል ነው፤ ቆዳ ላይ በቀጥታ መቀባት የለበትም። በሥዕሉ ቅርጽ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያመጣል፣ ጠባሳም ይተዋል። ከዚያም የከፋው፣ አንዴ ሰውነት ከተቆጣ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል፤ ከዓመታት በኋላ ፀጉር ስትቀቢ ፊትሽ ሊያብጥ ይችላል። ከመቀባትሽ በፊት ዱቄቱን አሳዩኝ በይ፦ የሂና ዱቄት አረንጓዴ ወይም አረንጓዴ ቡናማ ነው፣ የደረቀ ሣር ይሸታል። ጥቁር ሊጥ ሆኖ የነዳጅ ወይም የፀጉር ቀለም ሽታ ካለው ተነሥተሽ ውጪ።

እውነተኛውም ሂና ቢሆን ለሕፃን አይቀባ። ጂ6ፒዲ የሚባል የኢንዛይም ጉድለት ያለበት ሕፃን ላይ ቀይ የደም ሕዋሶችን ያፈርሳል፤ ጉድለቱ በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ብዙ ነው።

እንሶስላ የሌላ ተክል ሥር ነው፤ የደጋ እርጥብ ቦታ የሚወድ። ቀዩን የሚሰጡት ነገሮች ግን ከላውሶን ጋር በአንድ የኬሚካል ቤተሰብ፣ በናፍቶኪኖን ውስጥ ናቸው። በቤተ ሙከራ ሻጋታን ሲከላከሉ ታይተዋል። እናቶቻችን እንሶስላ የሚሞቁት መዳፍና እግር ላይ ነው፤ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ቀለሙን ይዞ ያቆያል፣ በቀላሉም አይቆጣም። ፊት ላይ አይሞከር። ሥሩ በደንብ ታጥቦ አፈሩ ይውጣ፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ ላይ አይደረግ፣ መጀመሪያ አንድ ጣት ላይ ሞክሪና አሳድሪው።